አሥረኛው ዙር

ፈሪ ነኝ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ያለሱ የምነግራችሁ ነገር ስለማይገባችሁ ነው። ሊፍት እፈራለሁ። ውሻ እፈራለሁ። ከማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ ልቤ ይመታል። ከሁሉም በላይ ግን አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር እፈራለሁ፤ ጮኾ ሲናገር ደግሞ በሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ሥራዬም ከዚሁ ከፍርሃት ብዙ አይርቅም። ዓለም ባንክ ሰፈር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ፣ በአዘቦት ቀን ለመደበኛ ተማሪዎች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውሉ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ኢኮኖሚ አስተምራለሁ። አገሮች ለምን እንደሚነግዱ፣ ለምን በር እንደሚዘጋጉ፣ አንዱ ሌላውን ለምን እንደማያምን። የመጀመሪያውን ዓመት በስላይድ አስተማርኩ። ክፍሉ ተኛብኝ። አገሮች አይተማመኑም የሚለውን ሪያሊዝምን እያብራራሁ ሳለ ከኋላ ወንበር የተሰማው ማንኮራፋት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በሁለተኛው ዓመት ስላይዱን ትቼ መቀስ ገዛሁ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ክፍሉን አራት አገር አድርጌ እከፍለዋለሁ። አንደኛው አገር መቀስና ማስመሪያ አለው፤ ወረቀት ግን የለውም። ሌላው ወረቀት በወረቀት ነው፤ መቀስ ግን የለውም። የተቀሩት ሁለቱ ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት ደርሷቸዋል። ሁሉም ክብና ሦስት ማዕዘን እየቆረጡ ለእኔ ያቀርባሉ። እኔ የዓለም ገበያ ነኝ፤ ዋጋውን ደስ ባለኝ ሰዓት እቀይራለሁ። ንድፈ ሐሳቡ የሚመጣው ከጨዋታው በኋላ፣ ሁሉም ተናዶ ሲቀመጥ ነው።

አንድ ተማሪ «ታጫውተናለች እንጂ አታስተምርም» ብሎ ለትምህርት ክፍሉ ከሰሰኝ። ትምህርት ክፍሉም ጥቅምት ማለቂያ ላይ የሚታዘበኝ ሰው ላከ። የተላከው ወንድዬ ደመቀ ይባላል፤ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። ኮሪደር ላይ ሰላም ከመባባል በቀር አንተዋወቅም ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚቸኩል፣ ሲያዳምጥ ግን ጊዜ ያለው ሰው። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆምኩ።

«መቀሱን አላውስም!» አለ አብራር። አጠና ተራ እንጨት የሚነግድ ተማሪዬ ነው፤ መቀስ ያለው አገር መሪ አድርገውታል። «አከራያለሁ! አምስት ደቂቃ፣ አሥር ወረቀት!»

«ይሄማ ዝርፊያ ነው!» ብለው ጮኹ የወረቀቱ አገር ሰዎች።

የወረቀቱ አገር አንድ ሰው ጎድሎት ነበር። ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም፤ «መምህር ወንድዬ፣ እዚህ ይግቡልን» አልኩ።

«እኔ እኮ ለትዝብት ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ክፍል ታዛቢ አገር የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና ደብተሩን አስቀምጦ ገባ። መቀስ የለም። ወረቀቱን አጠፈው፣ እጥፋቱን በጥፍሩ ተጫነው፣ በምላሱ አርጥቦ ቀደደው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሠራውን ይዞ ፊቴ ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክብ ነው።»

«አይጥ የበላው ቂጣ ነው የሚመስለው።»

«በአገራችን አቅም ክብ ነው» አለና ቀና ብሎ አየኝ።

አየኝ። ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን ዋጋ መጥራት ጠፋኝ፤ ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ስንት ነው? ስንት ነው?» እያሉ ነበር።

ጨዋታው አልቆ ስንቀመጥ ከወረቀቱ አገር አንዷ ተነሣች። «እኛ ድሃ የሆንነው ሰንፈን አይደለም፤ መቀሱን ሌላው ቀድሞ ስለያዘው ነው።» ሌላው፣ «አብረን ብንሠራ ሁላችንም እናተርፍ ነበር» አለ። አብራር፣ «ማን ማንን አምኖ?» አለ። ላስተምር ያሰብኳቸውን ሦስት ንድፈ ሐሳቦች በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ። እኔ ሰሌዳው ላይ የንድፈ ሐሳቦቹን ስም ብቻ ጻፍኩ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ወንድዬን ተከትዬ፣ «ሪፖርቱን ጻፉት?» አልኩት።

«አልጻፍኩም።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን ታይቶ አይጻፍም። የሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ።»

መጣ። በሚቀጥለውም መጣ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» እና «አንቺ» ሆነ። ሁለት ገጽ የማትሞላው ሪፖርት ስድስት ሳምንት ፈጀች።

የእኛ ቤት የጴንጤ ቤት ነው። አባቴ ዳኛቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ እናቴ ዘመነች የሴቶችን ጸሎት ትመራለች፤ እኔ መዘምራን ውስጥ ነኝ። ወንድዬ ደግሞ ከጎጃም የመጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ነው። አባቱ ሞተዋል፤ ከእናቱ ከወይዘሮ አጸደ ጋር ኮልፌ ይኖራል፤ ለእሳቸው አንድያ ልጃቸው ነው። ሁለቱም ቤቶች እግዚአብሔርን ይፈራሉ። እርስ በርሳቸውም ይፈራራሉ።

ስለዚህ ተደበቅን። ከዓለም ባንክ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው «እህት ሆሳዕና፣ ጌታ ይባርክሽ» ሳይለኝ ወርጄ አላውቅም። ወንድዬ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔ ከኋላ እንቀመጥ ነበር። ምሳ የምንበላውም ከኮሌጁ ሦስት ፌርማታ ርቀን፣ መስኮቷ ላይ መጋረጃ ባላት አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ጾመ ነቢያት ሲገባ እሱን አይቼ እኔም የጾም በያይነቱ ማዘዝ ጀመርኩ። ቤትም ሥጋውን ስተወው እናቴ «ምነው ሥጋ ጠላሽ?» ትለኛለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ አንድ ቀን እዚያች ምግብ ቤት። «እኛ ምንድን ነን?»

«የሥራ ባልደረቦች።»

«የሥራ ባልደረባ ኋላ ተቀምጣ የሰው አንገት ስታይ ትውላለች?»

ፊቴ ጋለ። «ማን ነገረህ?»

«የሾፌሩ መስታወት።»

ሁለታችንም ዓይናችንን ሳህናችን ላይ ተከልን። እወደዋለሁ። ያን ቀን ለራሴ አመንኩ፤ ባመንኩ ቁጥር ደግሞ ፍርሃቴ ጨመረ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ሰኞ እራት ስንበላ አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሁድ ሳምንት የቀዳማዊ ቤተሰቦች ይመጣሉ። ስላንቺ ነው።»

ቀዳማዊ መዘምራን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። አንድ ክፉ ነገር አይወራበትም፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ብፈልግ ያጣሁበት ልጅ ነው። ከዚያም አልፎ፣ አባቱና አባቴ በደርግ ጊዜ በእምነታቸው አብረው የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ይህ እኛ ቤት ውስጥ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ማክሰኞ ጠዋት የመምህራን ክፍል ውስጥ ለወንድዬ ነገርኩት።

«ምን አልሻቸው?» አለኝ።

«ውሃ አቀብሉኝ አልኩ።»

አልሳቀም። «ለቤትሽ ትናገሪያለሽ?»

«አንተስ ለእናትህ ትናገራለህ?»

«አንቺ ከተናገርሽ።»

«አንተ ከተናገርክ።»

ተያየን። ይህን ጨዋታ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኔ ተናግሬ እሱ ዝም ቢል፣ የቤቴን ሰላምም መዘምራኑንም አጥቼ ብቻዬን እቀራለሁ። እሱ ተናግሮ እኔ ዝም ብል፣ እሱ እናቱን ያጣል። ሁለታችንም ከተናገርን ግን ቢያንስ የሚያዝ እጅ ይኖረናል።

«እሁድ ስምንት ሰዓት» አልኩ። «አንተም እኔም በየቤታችን፣ በተመሳሳይ ሰዓት እንናገር። ስልክ እንዘጋለን። እስከ ሰኞ ጠዋት አንጠያየቅም።»

«ለምን አንጠያየቅም?»

«አልተናገርኩም ካልከኝ እኔም አፌ ይያዛል። ተናግሬያለሁ ካልኩህ ደግሞ አንተ የምትናገረው ወደህ ሳይሆን አፍረህ ይሆናል። እስከዚያ ስለዚህ ነገር አናውራ።»

«ክፍል ውስጥ ያለን መሰለሽ እንዴ?» አለኝ። ግን እሺ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተማክሮ፣ ተላቅሶ፣ ተደጋግፎ ይሄድ ነበር። እኛ ሁለት የጨዋታ መምህራን ግን በገዛ ሕይወታችን ላይ ደንብ አወጣንበት።

ቅዳሜ የቀረጥ ጨዋታ ተራ ነበር። ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ አያይም። ሦስት ሲባል እጅ ይነሣል። የተዘረጋ መዳፍ ገበያዬ ክፍት ነው ማለት ነው። የተጨበጠ እጅ ዝግ ነው። ሁለቱም ከከፈቱ ሦስት ሦስት ነጥብ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ከዘጉ አንድ አንድ። አንዱ ከፍቶ ሌላው ከዘጋበት ግን የዘጋው አምስት ይወስዳል፣ የከፈተው ዜሮ። ዙሩ አሥር ነው።

«ቲቸር፣ ከመምህር ወንድዬ ጋር አሳዩን!» አሉ።

ሁለት ወንበር ገጠምን። ጀርባው ጀርባዬን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ሐሙስ ለብሶት የነበረውን ሸሚዝ ነበር የለበሰው፤ ዓይኑም ቀልቷል። የእሁዱን እያሰበ እንቅልፍ አጥቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ሁለታችንም ከፈትን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ክፍት። እስከ ዘጠነኛው ድረስ አንድም ጊዜ አልዘጋንም። የማላየው እጁ በተዘረጋ ቁጥር ደረቴ ውስጥ ሙቀት ይገባ ነበር።

አሥረኛው ዙር ላይ ክፍሉ ጮኸ። ከዚያም ሳቀ።

«ቲቸር፣ ተበላሽ!» አለ አብራር።

ዞርኩ። የወንድዬ እጅ ተጨብጧል። እሱ ራሱ እጁን የሰው እጅ ይመስል ያየዋል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

ሰሌዳው ጋ ሄጄ ማስረዳት ነበረብኝ፤ አስረዳሁም። የመጨረሻው ዙር መጨረሻ መሆኑ ሲታወቅ የሚከዳ ሰው አይቀጣም፤ ነገ የለምና። አገሮች የሚተማመኑት ነገም እንደሚገናኙ ሲያውቁ ብቻ ነው። ይህን የተናገርኩት ከመቶ ጊዜ በላይ ይሆናል። ያን ቀን ግን ጠመኔው በእጄ ላይ ተሰበረ።

ሲወጣ አላናገርኩትም። እንዳናወራ ያልኩት እኔው ነኝ። እሱም ከበሩ ዞር ብሎ አይቶኝ፣ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋውና ሄደ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በላን። የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ። ስምንት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀረው። እሱ የመጨረሻ ዙር ላይ የሚዘጋ ሰው ነው፤ ዝም ብትዪስ? ቀዳማዊ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዝም ብትዪ ማን ያውቃል? እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ስምንት ሰዓት ሆነ።

«አባዬ፣ የቀዳማዊ ቤተሰቦች እንዳይመጡ።»

እናቴ ሳህን እያነሣች ነበር፤ ባለችበት ቆመች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሌላ ሰው አለ።»

«ማን? የየትኛው አጥቢያ ልጅ ነው?»

«ወንድዬ ይባላል። አብሮኝ ያስተምራል። ኦርቶዶክስ ነው።»

እናቴ ሳህኑን መልሳ አስቀምጣ ተቀመጠች። «ጸልየሽበታል?»

«አዎ።»

«ጌታስ ምን አለሽ?»

«አላውቅም እማዬ። ስፈራ ስፈራ እዚህ ደረስኩ እንጂ ልተወው አልቻልኩም።»

አባቴ እጁን በናፕኪን ጠረገ። እያንዳንዱን ጣቱን ለየብቻ። «እሱስ ለቤቱ ተናግሯል?»

«አሁን እየተናገረ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

የተዘጋው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ዓይኔ ፊት ያለው ደግሞ የተጨበጠ እጅ ነው።

«ደውይለት።»

«አንደዋወልም ተባብለናል።»

አባቴ ድምፁን ከወትሮው የበለጠ ዝቅ አደረገ። «ሆሳዕና፣ ሰውየው ካልተናገረ አንቺ ስለ ማን ነው የምትነግሪን?»

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁ። እናቴ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር።

ሰኞ በሁለት ሰዓት ተኩል መምህራን ክፍል ደረስኩ። የወንድዬ ወንበር ባዶ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኬን ከፍቼ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጸሐፊዋን ጠየቅኋት።

«ፈቃድ ጠይቋል። ምክንያቱን አልተናገረም።»

ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ፍርሃት፣ የሊፍቱ፣ የውሻው፣ የአባቴ፣ ተሰብስቦ ቢመጣ የዚያን ሰዓት አያክልም። ዘግቶብኛል። እኔ ብቻዬን ከፍቼ ተበላሁ። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ሲዘጋብኝ ደግሞ ፊት ለፊት ይዝጋብኝ ብዬ ተነሣሁና ወደ ኮልፌ በሚሄድ ሚኒባስ ገባሁ። ቤታቸውን አላውቀውም። ስልኬን አሁን እሱ ቢደውል ምን እላለሁ ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ኮልፌ ወርጄ አንዱን ባለ ሱቅ፣ አንዷን ጎመን ሻጭ እየጠየቅኩ ከአንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ቆምኩ። ሦስት ጊዜ እጄን አንሥቼ መለስኩ። በአራተኛው አንኳኳሁ።

ነጠላ ያጣፉ ሴት ከፈቱ።

«ወይዘሮ አጸደ እርስዎ ነዎት? ወንድዬን ፈልጌ ነበር።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺ ነሻ» አሉ።

ልሮጥ ፈለግኩ።

«እዚህ የለም» አሉ። «ከረቡዕ ጀምሮ እዚህ ቤት አላደረም።»

«ከረቡዕ?»

«ረቡዕ ማታ ተቀምጦ ነገረኝ። ጴንጤ ላገባ ነው አለኝ። ከቤቴ ውጣልኝ አልኩት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ወጣ። ውጣ ያልኩት እኮ ይወጣል ብዬ አልነበረም።»

ረቡዕ። ማክሰኞ ተስማማን፤ እሱ ረቡዕ ተናገረ። እሁድን አልጠበቀም፣ እኔን አልጠበቀም፣ እኔ እከፍት እንደሆነ ሳያውቅ ከፈተ። ቅዳሜ ከጀርባዬ ሲቀመጥ እናቱ ካስወጡት ሦስት ቀኑ ነበር። እኔ ደግሞ በጨዋታ በተጨበጠ አንድ እጅ ሁለት ቀን ሙሉ ስኮንነው ከረምኩ። አፈርኩ። በሰው በር ላይ ቆሜ እንባዬ ወረደ።

«የት ነው ያለው?»

«ሳንሱሲ፣ ኤባ የሚባል ጓደኛው ዘንድ ነው አሉኝ። ይብላ አይብላ እኔ ምን አውቃለሁ?» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አይተሽዋል?»

«ቅዳሜ አየሁት። ከስቷል።»

መዋሸት ይሻል ነበር። ፊታቸውን አዞሩ።

ይደውል ይሆናል ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ወዲያው ጮኸ። አባቴ ነው።

«የት ነሽ?»

«ኮልፌ።»

«እዚህ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ልጅ ተቀምጠዋል። በሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት! አንደኛው አቶ ወልደሰንበት እባላለሁ፣ የአባቱ ወዳጅ ነበርኩ ይላሉ። ነገ አገር ቤት ስለምሄድ ነው ዛሬ የመጣሁት አሉ።» ትንሽ ቆመ። «ምን ልበላቸው?»

በዕድሜዬ አባቴ ምን ልበል ብሎኝ አያውቅም።

«እንዳይሄዱ አባዬ። መጣሁ።»

ወይዘሮ አጸደ ሰምተዋል። «ወልደሰንበት ሄደ?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ውስጥ ገቡ። ጨረሱ ብዬ ልሄድ ስል የታጠፈ ጋቢ ይዘው ተመለሱ።

«ሳንሱሲ ይበርዳል። ስጪው።»

«እሺ እማማ።»

«እኔ አልፈቀድኩም» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «ጋቢ ነው የሰጠሁሽ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጋቢውን ታቅፌ። ከኋላዬ የማውቀው የሴት ድምፅ መጣ። «እህት ሆሳዕና፣ ጌታ ይባርክሽ። ጋቢው የማን ነው?»

«የማገባው ሰው ነው» አልኩ።

ቤት ስገባ ወንድዬ ከሶፋው ተነሣ። ያው ሸሚዝ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሻይ ይዘዋል፤ እናቴ ቀይ ዓይኗን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«ሥራ ላይ ትሆኛለሽ ብዬ ነው» አለ እየተቻኮለ። «አንቺ እያየሽኝ አፌ አይፈታም ብዬ። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ጋሼ ወልደሰንበት ዘንድ ሄድኩ።»

ጋቢውን ሰጠሁት። አወቀው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ረቡዕ ነው የተናገርከው» አልኩት።

«እሁድ ራቀብኝ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን ዘጋህ?»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

«ፈራሁ» አለ። «እጄን ለእናቴ ዘርግቼ በር ተዘግቶብኝ ነበር የመጣሁት። ዘጠኙን እንደምንም ከፈትኩ። አሥረኛው ላይ እጄ እምቢ አለኝ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ሰምተሽ አዝነሽልኝ እንዳትናገሪ ብዬ ተውኩት።»

የሚያይ ሰው ባይኖር ኖሮ እቅፍ አደርገው ነበር። አባቴ አለ፤ ዝም ብዬ አለቀስኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ መልስ የለኝም። ሌላ ቀን ተመለሱ፤ በእሁድ፣ እንደ ወጉ።» አቶ ወልደሰንበት ደስ ብሏቸው ብድግ አሉ። ሽማግሌ ተመለሱ ከተባለ በሩ አልተዘጋበትም። ወንድዬም ጋቢውን ለብሶ ተከትሏቸው ወጣ። ከግቢው በር ዞሮ አየኝ፤ እኔም ሰው ያየኝ እንደሆነ ሳልፈትሽ አየሁት።

ስመለስ አባቴ ኮቱን እየለበሰ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«የቀዳማዊ አባት ጋ። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ አፍ ይስማ።»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ብታገኘው አይሻልም?»

«እስከ እሁድ ድፍረቱ አይቆየኝም።»

በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። እጀታውን ያዘ። ያ ረጅም ሰውዬ ያን ጊዜ አጭር መሰለኝ።

«እስር ቤት ስታመም የራሱን ብርድ ልብስ አልብሶኝ ሲሚንቶ ላይ የተኛ ሰው ነው» አለ ወደ እኔ ሳይዞር። «ከምን እንደምጀምር አላውቅም። አንቺ ትናንት እንዴት ጀመርሽ?»

«እየፈራሁ ነው የጀመርኩት አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።